«ደጆች» የሚለው የጫካው ቤት

ዝም! ማንም እንዳይመልስ! አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ ብያለሁ። ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ደጆች!» ማለት ወግ መሆኑን እኔም አልጠፋኝም። እዚህ መንደር ግን ከጨለመ እንዲህ አይባልም። አንተ ደጅ ያለኸው! ስምህን ተናገር! ምን? ጎላ አድርገው! ሙሉሰው? የኛው ሙሉሰው ነህ? ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም? ግባ በል። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ዝናቡ እየገባ ነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ልጅሽ መጣልሽ። ድምፅህ ምነው አንተ? ዝናብ መታህ? ወደ እናትህ ጠጋ በላ! እምቢ? ይሁን፣ እዚያው በሩ ሥር ተቀመጥ። ተዉት ይረፍ፣ ከጠዋት ጀምሮ መቃብር ሲቆፍር የዋለ ሰው ነው።

ኩራዙ ጋዝ ጨርሷል። ባትሪዋን ደግሞ በከንቱ አታብሩብኝ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ተኝቶ አይታደርም። ስለዚህ ላውራላችሁ። ዛሬ የቀበርናት አንጓች፣ አፈሩን ያቅልልላትና፣ በሕይወት ሳለች ይህን በፊቷ ማውራት ነውር ነበር። ከሩቅ ለለቅሶ የመጣችሁ ግን «እነዚህ ሰዎች ምነው ሲጠሯቸው አይመልሱም?» ብላችሁ እንዳታሙን።

ነገሩ የድሮ ነው። ሰዓቱስ? ሰዓቱ ከብት የሚገባበት፣ ሰው ከሰው የማይለይበት ሰዓት ነው። መንገዱስ? ያው የጫካው መንገድ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ ዝግባው ከላይ የሚዘጋብህ። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ነው? ደምለው ነው፤ ግንበኛው ደምለው፣ የአንጓች ባል። ይህን የተደገፋችሁትን ግድግዳ ያቆመው እሱ ነው። ዳብሱት እስቲ! ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት አለው? የለውም።

አዲስ ሙሽሮች ናቸው። ግድግዳው እስከ ጉበኑ ደርሷል፣ ጣሪያ ግን የለውም። ክረምቱ መጣሁ መጣሁ ይላል። አንጓች በአማቷ ቤት ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ የአማት ቤት ደግሞ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ደምለው «ክረምቱ ሳይገባ በገዛ ቤትሽ አስገባሻለሁ» ብሎ ምሎላታል። የጎደለው ጥርብ ድንጋይ ነው። በጫካው መሃል ደግሞ ያ ቤት አለ።

ያ ቤት! ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ኮንክሪት። መስኮት የለው፣ መዝጊያ የለው፣ አንድ በር ብቻ እንደ አፍ ተከፍቶ። ወደዚያ የሚወስድ የጋሪ መንገድ እንኳ የለም። ታዲያ ሲሚንቶውን ማን ተሸክሞ አመጣው? አንዱ ጣሊያን የሠራው ነው ይላል። ሌላው ከጣሊያንም በፊት ነበረ ይላል፤ ያኔ ሲሚንቶ ከየት መጣ ብትለው ይቆጣሃል። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ «አትድረሱበት» ይላሉ።

ደምለው ሳቀ። «ግድግዳ ሁሉ እጅ የሠራው ነው፤ እጅ የሠራውን እጅ ያፈርሰዋል። ሄጄ ድንጋዩን አየዋለሁ» አለ። መዶሻና መሮውን አዝሎ ሄደ። ለብቻው! ወይ ወንድነት!

ደረሰ። ቤቱን ዞረው። በመዶሻው ቋ፣ ቋ አደረገው፤ ድንጋዩ ደህና ነው። በበሩ ሲያጎነብስ በውስጥ በኩል ኮንክሪቱ ላይ የሰው መዳፍ ታትሞ አየ። አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ ትልቅ መዳፍ፣ ትንሽ መዳፍ፣ ሁሉም ወደ ውጭ የገፋ። «ሳይደርቅ የነካካው ሰነፍ ሠራተኛ ነው» ብሎ ተወው። አያችሁልኝ? ያየው ነገር ሊነግረው ፈልጎ ነበር፣ እሱ ግን በሙያው አለፈው።

በረዶ መጣ። የዛፉን ቅጠል የሚያረግፍ በረዶ። ደምለው ጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ እናቱ «ባዶ ቤት ቢሆን እንኳ ሳትጣራ አትግባ» ብላ ነው ያሳደገችው። በሩ ላይ ቆመና «ቤቶች!» አለ።

ማን ይመልሳል? በጫካ መሃል፣ በባዶ ቤት ውስጥ ማን ይመልሳል?

«ደጆች!»

የሽማግሌ ድምፅ ነው። ደምለው ገባ። «እልፍ በል ልጄ፣ እልፍ በል። ዝናብ ያመጣውን እንግዳ ማን ይመልሰዋል?»

መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ሰማ፣ ሰው አላየም። ቀጥሎ ሰው ቦታ ሲለቅለት ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ እጅ መጥቶ እጁን ያዘው። ያ እጅ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። አሽቀንጥሮ አይወጣም ነበር? እናንተስ ብትሆኑ ትወጡ ነበር? ሽማግሌ እጃችሁን ይዞ «ተቀመጥ ልጄ» ሲላችሁ? ይሉኝታ ያዘው፣ ተቀመጠ። ያ ቤት እኮ ባለጌ አይበላም፤ የሚበላው ጨዋ ነው!

ቤቱ የጭስ ሽታ የለው። የእህል ሽታ የለው። ደምለው «አባቴ፣ እዚህ ይኖራሉ እንዴ?» አለ።

«አለ ካሉኝ አለሁ።»

«ብቻዎን?»

«አሁንማ አንተ አለህልኝ። ሚስት አግብተሃል?»

«አግብቻለሁ፤ አንጓች ትባላለች።»

ሽማግሌው ሲተነፍስ ተሰማው። «እስቲ በረዶው አባርቶ እንደሆነ ልየው» ብሎ ተነሣ። በበሩ ብርሃን ላይ ጥላው አለፈ፤ የለበሰው በላዩ አልቆ ክር ብቻ ቀርቷል። ወጣ። ውጭ ሆኖ ይሳቅ ያልቅስ የማይለይ ድምፅ አሰማ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ተጣራ።

«ቤቶች!»

በሉ ንገሩኝ፣ እናንተ ምን ትሉ ነበር? አፍ እኮ ከልብ ይቀድማል። ደምለው «ደጆች!» አለ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለ ሽማግሌው ከውጭ። «ከእንግዲህ ባለቤቱ አንተ ነህ። እኔንም እንዳንተ ዝናብ ነው ያስገባኝ። እንግዳ ሲጣራ መልስለት። እሱ ሲገባ ብቻ መውጣት ይሆንልሃል። ወጥተህ ተጣራ፤ ከመለሰልህ ነፃ ነህ። ሰው አይጠፋም፣ ጨዋ ሰው ሞልቷል።»

ደምለው ዘሎ ተነሣ። በበሩ ወጣ። ሲወጣ ግን ውስጥ ነው። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ውስጥ ነው! ዝናቡን ያየዋል፣ ዛፉን ያየዋል፣ እግሩን ሲያነሣ ወደ ውጭ ነው፣ ሲያሳርፍ ያው ያ ቀዝቃዛ መሬት ነው። እስኪነጋ ድረስ ሲወጣ ሲገባ አደረ። ጮኸ፤ ጩኸቱ ከግድግዳው አላለፈም። ከዚያ ቤት የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ሰው ካልጠራህ አትለውም። በመዶሻው ኮንክሪቱን ፈለፈለው፤ የፈለፈለው በማግስቱ ሞልቶ ይጠብቀዋል። የመዶሻው ድምፅ ግን ያልፍ ነበር። ቋ... ቋ... ቋ። መንደር ድረስ ይሰማ ነበር። ሰዉ ግንደ ቆርቁር ነው አለ።

አምርሮ ማለ ደምለው። «ቀድሞ የመጣውን፣ ቄስም ይሁን ሕፃን፣ አስገብቼ እወጣለሁ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን» አለ። አትፍረዱበት።

ምን አልክ ሙሉሰው? ጣሪያውን ማን መታው? ቆይ እንጂ፣ እደርስበታለሁ። የምታውቀውን ነገር ትጠይቀኛለህ እንዴ?

ያ ሽማግሌ ሰላም አላገኘም። እየተጎተተ አንጓች ዘንድ መጣና አንድም ሳያስቀር ነገራት። ነግሯት ሲጨርስ ከደጃፉ ሳይርቅ ወደቀና ሞተ። ጸጸቱ ነው የገደለው ወይስ እዚያ ቤት ሳለ ያላረጀው ዕድሜ ውጭ ሲጠብቀው ኖሮ ነው? እሱን እግዜር ያውቃል።

አንጓችስ? መቀነቷን አጥብቃ ሄደች። ጫካው ውስጥ መዶሻውን ሰማች፤ የግንበኛ ሚስት የባሏን አመታት አትስተውም። በሩ ላይ ቆመች።

«ቤቶች!» አለች።

መዶሻው ቆመ። ደምለው ድምፅዋን ለየ። እሷ ናፍቃዋለች፣ ሰው ናፍቆታል፣ ፀሐይ ናፍቆታል። አንዲት ቃል ብቻ ናት!

«ደምለው፣ ሁሉን ሰምቻለሁ። መልስልኝና ልግባ። አንተ ውጣና ጣሪያችንን ምታ። እኔ እቆይልሃለሁ፣ ሌላ እንግዳ እስኪመጣ ነው። ቤቶች!»

ጋቢውን አፉ ውስጥ ወተፈ። ነከሰው። ጥርሱን ገጥሞ ነከሰው። እሷን የሚተካ እንግዳ መቼ ሊመጣ? ቢመጣስ አንጓች ሌላውን አስገብታ የምትወጣ ሴት ናት? አይደለችም፤ እዚያው ትቀራለች። ይህን ያውቃል። ለሦስተኛ ጊዜ «ቤቶች!» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እሱ መዶሻውን አነሣና አንድ ጊዜ መታ። ቋ። በቃ፣ ሂጂ ማለቱ ነው።

ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፣ መሸ፣ ሄደች። ከዚያ በኋላ ግን በየሰንበቱ ከቅዳሴ መልስ እየሄደች ግድግዳው ሥር ትቀመጥ ነበር። አትጣራም። እሷ የመንደሩን ወሬ ታወራለታለች፣ እሱ ከውስጥ ቋ ይላል። ፀጉሯ እስኪነጣ ድረስ! ይህን ቆርቆሮ ያስመታችው ጥጥ ፈትላ ነው። ሽማግሌ ልከው «አግቢ እንጂ፣ ልጅነትሽ ይለፍ?» ሲሏት «ባሌ ሥራ ላይ ነው፣ አትሰሙም እንዴ?» ትላቸው ነበር።

ዛሬስ ሰማችሁ? ከሞተች ወዲህ ግንደ ቆርቁሩን የሰማ አለ? የለም። ጸጥ ብሏል። የቀብሯ ደወል እዚያ ድረስ ይሰማል። ያን ሁሉ ዘመን እንግዳ ሲጣራ ዝም ያለው ለእሷ ነበር፤ እንግዲህ ለማን ብሎ ዝም ይላል? ለዚህ ነው አትመልሱ የምላችሁ፤ እዚህ የለመደ አፍ እዚያም ይመልሳል። ለዚህ ነው በጫካው ብቻችሁን አትለፉ የምላችሁ።

ምን ሙሉሰው? መቃብሯ በየት በኩል ነው? ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከወይራው ሥር ነዋ፣ አንተው አይደለህ እንዴ የቆ...

ቆይ።

አንተው አይደለህ እንዴ የቆፈርከው?

ባትሪዋን! ባትሪዋን አምጡ! አብራው በሩ ላይ! ሙሉሰው? የታለ? አሁን እዚህ ተቀምጦ አልነበረም? በሩ ተከፍቷል። ይህ መሬቱ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው? የድንጋይ ዱቄት... ግድግዳውም ላይ፣ አያችሁ? ሲዳብሰው ነበር። የገዛ ግድግዳውን ሲዳብስ ነበር። ስማችሁን ተናገሩ እላለሁ እኔ ሞኙ፤ ስም ይዋሳላ!

ዝም በሉ። ስሙ። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው።

ቋ... ቋ... ቋ።

የመቃብሯን ድንጋይ እየጠረበላት ነው።

ታዲያ የኛ ሙሉሰው የት ሄደ? ከቀብር ሲመለስ በየት በኩል ነው የሄደው? ከብቶቹን ሊያስገባ? በጫካው? በዚያ ዝናብ? አወይ! አወይ ልጄ!

እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ወዴት ነው? ተቀመጪ! ያዙልኝ! በሩን ያዙባት! አመለጠቻችሁ? ባትሪውን ይዛችሁ ተከተሏት፣ ማንም ብቻውን እንዳይሄድ! ወይ ይህች አፌ፣ የሚባለውን ሁሉ ነገርኳት እኮ! ስሟት፣ ከጫካው አፍ ላይ ሆና ከወዲሁ ትጣራለች።

«ቤቶች! ኧረ ቤቶች!»

ሙሉሰው ልጄ፣ በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ፣ ዝም በላት!