ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ

ሰው ሠራሽ እግር መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህር በክራንች እየተደገፈ ወርክሾፓችን ገባ። እኔ ጄሶ እያቦካሁ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው፣ ልለካዎት ነውና ሁለቱንም እግርዎን ይዘርጉ አልኩት።

«አንዱ በመኪና አደጋ ቀርቷል» አለኝ በእርጋታ። «እሱን ከእርስዎ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ሳቀ። እኔም በጄሶ እጄ አፌን ይዤ ሳቅኩ...

እግሩን አራት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁለት። ከተስማማው በኋላም መመላለሱን አልተወም። አንተ እና አንቺ ተባባልን። እናቴ ነገሩ ገብቷት፣ የዚህ ሰውዬ እግር ተሠርቶ አያልቅም እንዴ እያለች ታሾፍብኝ ጀመር።

በዓመቱ ሌላ አገር የሁለት ዓመት ከፍተኛ ሥልጠና አገኘሁ። ሥልጠናውን ልተወው አሰብኩ። እሱ ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ ለካ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። የአንድ ክፍል ፈተና ለማረም ከሚፈጅብኝ ያንሳል ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ኮስተር አለ።

«ሂጂ። እኔን ያቆመ እጅ በእኔ ምክንያት እንዲቀር አልፈልግም።»

ኤርፖርት ሊሸኘኝ ቃል ገብቶ ነበር። እናቴ መጣች፣ ወንድሜ መጣ፣ እሱ የለም። ስልኩንም አያነሳም። ያንን ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በሙሉ ሳለቅስ በረርኩ። ከዚያ በኋላም ስንደዋወል ቃሉ አጫጭር ሆነብኝ። ሰልችቼዋለሁ ብዬ መደወል ተውኩ።

በአምስተኛው ወር መልእክት ላከ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ ባትመጪም አልቀየምሽም ይላል።

የሚያሠለጥኑኝ አዛውንት በመኪናቸው ኤርፖርት ወሰዱኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። በመጨረሻ እሱ ብቅ አለ። አንድ ሠራተኛ ባዶ ዊልቸር እየገፋ ይከተለዋል፤ እሱ ግን ሻንጣውን እየጎተተ፣ ቀጥ ብሎ ይራመዳል።

በሄድኩበት ሳምንት ለካ የተቆረጠው እግሩ ቆስሎ ነበር። ሐኪሙ እስኪድን ሰው ሠራሹን እግር እንዳያደርግ ከለከለው። አራት ወር ፈጀበት። ድምፁ እንዳያሳብቅበት ነበር በስልክ የሚያሳጥረው።

«ያን ቀን በክራንች ብታዪኝ ሥራዬ አልተሳካም ብለሽ ትቀሪ ነበር» አለኝ።

ተናደድኩ። አምስት ወር ሙሉ ስታመም ከረምኩ እኮ! «ቁስልህን ለእኔ ካልነገርክ ለማን ልትነግር ነው?» አልኩት። ጥፋቱን አመነ፤ ሁለተኛ እንደማይደብቀኝም ማለልኝ።

አዛውንቱ ግን ዓይናቸውን ከእርምጃው ላይ አልነቀሉም። እግሩን ማን እንደሠራለት ጠየቁት።

ወደ እኔ አየና ደረቱን ነፋ።

«የማገባት ልጅ ናት... እሺ ካለችኝ።»

«እሺ ብላለች» አልኩ፣ እንባዬን እየጠረግኩ።

ሥልጠናውን አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ። እሱ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እየበረረ ይመጣ ነበር። በተመለስኩ በወሩ ተጋባን። በሠርጋችን ዘመድ ሁሉ ጨፍሮ ደክሞት ሲቀመጥ፣ እሱ እጄን ይዞ ገና መሃል ላይ ነበር። ቁጭ በል ያለውም ሰው አልነበረም።