ሐምራዊ ያልነካው አፍ

በ1973 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ከሽንፋ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት የሰሊጥ እርሻ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ። አለነ ይባላል፤ ለአጨዳ ከጎጃም የወረደ ነው። ካቦው ያረጋል የአፍ ቁስል ነው የገደለው ብሎ ቶሎ እንዲቀበር አዘዘ። ምግብ አብሳይዋ ሰይዳ ግን አስከሬኑን በኬሻ ሸፍና፣ ፖሊስ ሳያየው አይነካም አለች።

ሃምሳ አለቃ ማሩ ከመተማ በጭነት መኪና ደረሰ። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት በጦሩ ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አካሚ ነበር። ኬሻውን ገልጦ የሟቹን አፍ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አፋቸውን አስከፈታቸው። ከሠላሳው የሃያ ሁለቱ ከንፈር ውስጡ ነጫጭ ቁስል አለበት። ምን እንደሚበሉ ሲጠይቃቸው፣ ሁለት ወር ሙሉ የማሽላ ገንፎ ብቻ መሆኑን ነገሩት።

«ለሠራተኛው የሚላከው ምስርና ሽንኩርትስ?» አላት ሰይዳን።

«በካቦው ትእዛዝ ሌሊት ሌሊት ወደ ሱዳን ተሻገረ። አለነ ሲጫን አይቷል። ከጎንደር ለሚመጡት ሹሞች እናገራለሁ ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ያረጋልም ሰምቷል።»

የማሩ ፊት በንዴት ጠቆረ፤ ድምፁን ግን አላነሳም። ሰይዳ ሌላም ነገረችው። ትናንት ጠዋት ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ሳለ ያረጋል ብርጭቆ ይዞ አለነ አፉን ታሞ የተኛበት ጎጆ ሲገባ አይታለች፤ ወዲያው ጩኸት ሰምታለች። ያረጋልም መግባቱን አልካደም። ከክሊኒክ የተላከውን ሐምራዊ የአፍ ቁስል መድኃኒት በጣቴ ቀባሁት፣ የጮኸውም አቃጥሎት ነው አለ።

ማሩ መጋዘኑን ከፈተሸ በኋላ ሁሉንም ዳሱ ሥር ሰበሰበ።

«አፍ የሚያቆስለው ብዙ ነው» አለ። «የተሰበረ ጥርስም ያቆስላል፣ የምግብ እጦትም ያቆስላል። የእናንተ ከምግብ እጦት ነው። በጨው ውሃ እየተጉመጠመጣችሁ ደህና ምግብ ከበላችሁ ይሽራል፤ ሰው አይገድልም። የአለነ አፍ ግን እስከ ጉሮሮው ተቃጥሏል። የተንጠባጠበበት የሸሚዙ አንገትጌም ተበሳስቷል። የባትሪ አሲድ ነው።»

ሁሉም የባትሪ ነገር ወደሚመለከተው፣ እንግዳው ወደሚባለው ትራክተር ነጂ ዞሩ።

«እሱ እስከ ትናንት ማታ ሁለት ቀን ሽንፋ ትራክተር ሲያሠራ ነበር፤ የጋራዡን ደረሰኝ አይቻለሁ። አሲዱ ያለው መጋዘን፣ ቁልፉ ያለው ያረጋል ዘንድ ነው።» ወደ ካቦው ተጠጋ። «ሐምራዊው መድኃኒት የነካውን ለቀናት አይለቅም። የሟቹ ከንፈር ላይ ምልክቱ የለም። እስቲ ጣትህን አሳየኝ።»

ያረጋል እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቀረ።

«የመድኃኒቱን ጠርሙስ ክዳኑ ሳይከፈት አግኝቼዋለሁ። አፉ ውስጥ አንድ ነገር እንዳደረግህ ራስህ ነግረኸኛል። መድኃኒቱ ካልሆነ ምን ነበር?»



«ዝም በል ብዬው ነበር» አለ ካቦው።

ሠራተኞቹ ማጭዳቸውን ይዘው ተነሱ። የተረፈውን እሱም ይጠጣ አሉ። ማሩ መሐል ገባ።

«እኔንም አምሮኛል» አላቸው። «ቶሎ የማስረውም ለዚህ ነው።»

አለነን ከሰዓት በኋላ ቀበሩት። ማንም ወደ ሥራ አልተመለሰም፤ የደረሰው ሰሊጥ እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፍ ጀመር። ከጎንደር የመጡት ሹሞች ይህን አይተው ደነገጡና ሠራተኞቹን ወደ አጨዳው እንዲመልስላቸው ማሩን ጠየቁት።

«መጀመሪያ» አላቸው፣ «አፋቸውን አስከፍታችሁ እዩ።»