አሥራ ሁለት ደቂቃ በቡልጋሪያኛ

ካሊን ጎራኖቭ በአስተርጓሚዎች ማረፊያ ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱ ተፈርክሷል። አጠገቡ የተጣለው ቀይ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ታቹ ላይ ፀጉርና ደም ተጣብቆበታል። ግድግዳው እስከ ሰው ቁመት ድረስ ደም ተረጭቶበታል።

ኢንስፔክተር ዳፊና ማርኮቫ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አየች። «ከወደቀም በኋላ አልተዉትም» አለች። «ሲመቱት ቆይተዋል።»

«ማን እንደሆነ ይዘነዋል እኮ» አለ ረዳቷ ስቶይል። «የድምፅ ባለሙያው ኦግኒያን ነው። የሥራ ጋዎኑ ደም ነክሮት ሽንት ቤት ቅርጫት ውስጥ ተገኝቷል። ትናንት ደግሞ ሟቹን አንገቱን አንቆት ነበር።»

«ሰዓቱስ?»

«ሟቹ የማስተርጎም ተራውን ጨርሶ የወጣው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሬሳው የተገኘው ለአምስት አሥር ጉዳይ። ያገኘው ራሱ ኦግኒያን ነው፤ ጩኸቱ ታች አዳራሽ ድረስ ተሰምቷል።»

ታች በቫርና ከተማው የጉባኤ አዳራሽ፣ ስለ ሥነ ምግባርና መልካም አስተዳደር ሊመክሩ ከሠላሳ አገር የመጡት እንግዶች ታግደው ተቀምጠዋል። አስተርጓሚዎቹ የሚሠሩት ከላይ በሰገነቱ ላይ በተደረደሩ የመስታወት ክፍሎች ውስጥ ነው። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሆነው በየግማሽ ሰዓቱ ይፈራረቃሉ። መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ ከታች ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አይታይም።

ኦግኒያን ራይኮቭ እጁ በካቴና ታስሮ አገኘችው፤ በር የሚያክል ሰው ነው።

«ትናንት ለምን አነቅኸው?»

«ማይክሮፎኑ ጮኸ ብሎ በሰው ፊት እናቴን ሰደበኛ! አነቅሁት፣ ለቀቅሁት፣ ማታ ራኪያ አረቄ ጋበዘኝ፣ አለቀ። የምገድለው ብሆን ስሜ የተጻፈበት ጋዎን ለብሼ እገድላለሁ? ይኼን ያህል ደደብ እመስላለሁ?»

«ትንሽ ትመስላለህ» አለች ዳፊና። «ጋዎኑ የት ነበር የተሰቀለው?»

«ኮሪደሩ ላይ። ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሊያነሳው ይችላል።»

ጋዎኑን አስመጥታ ዘረጋችው። እጅጌዎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጠቅልለዋል። በጓንት ይዛ ስትፈታቸው፣ እጥፋቱ ውስጥ የነበረው ጨርቅ ንጹሕ ነው። እንደነበሩ መልሳ ጠቀለለቻቸው።

ሁለተኛዋ ያና ሚልቼቫ ነበረች፤ የፈረንሳይኛው ክፍል አስተርጓሚ፣ የሟቹ የቀድሞ ሚስት። ቁመቷ ከኦግኒያን እኩል ነው። በዚያ ሰዓት የእረፍት ተራዋ ስለነበር ውጭ ደረጃው ላይ ስታጨስ ነበር፤ ያያት ግን የለም።

«ትጠይው ነበር?»

«በሳምንት ሁለት ቀን» አለች ያና፤ ዓይኗ ደም መስሏል። «ሌላውን ቀን እደውልለት ነበር። ሰሞኑን ግን ሰላም አልነበረውም። አንድ የድሮ የችሎት ቅጂ እየደጋገመ ይሰማል። ‹የማን ነው?› ስለው ‹ራሷ ትናገር፣ እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት ጊዜ ሰጥቻታለሁ› አለኝ።»

«‹ራሷ› ነው ያለው?»

«አዎ። ‹ራሷ›።»

ሦስተኛዋ ነቬና ድራጎቫ፣ በቡልጋሪያኛው ክፍል የሟቹ ተፈራራቂ ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደቃቃ፣ አጭር፣ ሽበቷን በሥርዓት ያሰረች። ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድ ስህተት አልተገኘባትም እየተባለ ለተማሪዎች ትጠቀሳለች።

«ምስኪን ካሊን» አለች መሐረቧን እያጠፈች። «እኔ እንግዳው ፕሮፌሰር በእንግሊዝኛ ያደረጉትን ንግግር ተቀብዬ ሳስተረጉም፣ እርሱ ከግድግዳው ወዲያ ይሞት ነበር። ምንም አልሰማሁም። ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ ካለ ዓለም ቢፈርስም አትሰሚም።»

«ንግግሩ በጽሑፍ አስቀድሞ ይሰጥዎታል?»

«ከሁለት ቀን በፊት። ሥራው እንደዚያ ነው።»

ዳፊና አመሰግናለሁ ብላ ወደ አዳራሹ ወረደች። ቡልጋሪያኛውን በማዳመጫ ይሰሙ ከነበሩት አንዱ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ አቶ ዝላትኮ ነበሩ።

«የኔ እመቤት፣ እኔ ያረጀሁ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» አሏት። «አዳራሹ በሙሉ ሲስቅ እኔ ስለ መንግሥት ግዥ ሕግ እሰማለሁ! ማዳመጫውን ሁለቴ በእጄ መታሁት።»

ዳፊና ከአገሯ ቋንቋ ሌላ አንድም አታውቅም። የአዳራሹን ቪዲዮና የቡልጋሪያኛውን ድምፅ ቅጂ አንድ ላይ አስከፍታ ሁለት ጊዜ አየች። ከዚያ ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ደወለች።

በማግስቱ ረፋድ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦግኒያን ካቴናው አልተፈታለትም። ጠረጴዛው ላይ የውኃ ጠርሙስና ብርጭቆ ነበር።

«ከጋዎኑ እንጀምር» አለች ዳፊና። «ገዳዩ ለብሶታል፤ ደሙ ያንን ይላል። ግን እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልሎ ነው የለበሰው፤ እጥፋቱ ውስጥ ደም የለም። ኦግኒያን በዚህ ክንዱ ለምን ይጠቀልላል? ያናም አያስፈልጋትም። ክንዱ አጭር የሆነ ሰው ነው።»

ነቬና ፈገግ አለች። «አጭር መሆን ወንጀል ከሆነ እስር ቤቱ አይበቃም። እኔ በዚያን ሰዓት ስናገር አራት ሰዎች ሰምተውኛል።»

«ድምፅሽን ሰምተዋል።» ዳፊና አንቱታውን ጣለችው። «ስቶይል፣ ክፈተው።»

ስክሪኑ ላይ የፕሮፌሰሩ እጅ ብርጭቆውን መታውና ውኃው ወረቀታቸው ላይ ተደፋ። ዝም አሉ። ወረቀቱን አራገፉ፣ ጠረጉ፣ አንድ ነገር ጣል አደረጉና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የነቬና ድምፅ ሳይደናቀፍ ስለ ግዥ ሕግ ይተርክ ነበር።

«ሰውየው አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለዋል» አለች ዳፊና። «አንቺ ምናቸውን ነው ያስተረጎምሽው?»

ነቬና መሐረቧን እያጠፈች ስክሪኑን አየች።

«ጽሑፉን ቀድመሽ በቡልጋሪያኛ አንብበሽ ድምፅሽን በስልክሽ ቀድተሽዋል» አለች ዳፊና። « ስልኩን ማይክሮፎኑ አጠገብ አስቀምጠሽ ወጣሽ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበረሽ። የሰው ጋዎን ለበስሽ፣ ካሊንን ከኋላው መጣሽበት፣ ጋዎኑን ጣልሽ፣ ታጠብሽ፣ ተመለስሽ። ቅጂው አልቆ ራስሽ ስትቀጥዪ የምታለከልኪው እዚህ ላይ ይሰማል፤ ተቀምጦ የሚናገር ሰው እንደዚህ አይተነፍስም።»

«ለምን ብዬ?»

«ኤቦ የሚባል ጋናዊ መርከበኛ ስላለ። ጓደኛው ከመርከብ ወድቆ ሞተበትና በችሎት በእንግሊዝኛ ‹ከእጄ አመለጠኝ› አለ። አንቺ ‹በእጄ ጣልኩት› ብለሽ አስተረጎምሽው። ስድስት ዓመት ታስሯል። ካሊን ቅጂውን አገኘው፤ እኛም ከመዝገብ ቤት አስመጥተን በሌላ አስተርጓሚ አሰማነው።»

የነቬና ፊት ቀስ ብሎ ተለወጠ። «አንድ ቃል ናት» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንት ቃል በአፌ አልፏል? ወዲያው ገብቶኝ ነበር፤ ግን ዳኛው ቀጠለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ካሊን ምን አለኝ? ‹ሂጂ፣ ተናገሪ፣ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ።› እኔን! ሥራውን ያስተማርኩት እኔ!»

«ነቬና...» አለች ያና ወደ እርሷ እየቀረበች።

ነቬና ጠርሙሱን አንስታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰበረችውና ስባሪውን እንደያዘች ወደ ያና አንገት ሰነዘረች። ዳፊና መዳፏን መሐል አገባች። ስባሪው ሥጋዋን ሰንጥቆ እስከ አጥንት ገባ። ኦግኒያን በታሰረ እጁ ከኋላ ተወርውሮ ነቬናን ከነወንበሩ ጣላት፤ ጥርሷን ክንዱ ላይ ተከለች፣ ተራገጠች፣ ሦስት ፖሊስ ሆነው ነው ያስለቀቋት።

«አሁንስ ካቴናውን ትፈቱልኛላችሁ?» አለ ኦግኒያን ደሙን እያየ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳፊና እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ ወደ እስር ቤት ሄደች። እንግሊዝኛም ስለምትችል ልታስተረጉምላት ያና አብራት ነበረች። ኤቦ ፊታቸው ተቀመጠ፤ ከሲታ ነው። ዳፊና ስህተቱን ያገኘው ካሊን የሚባል አስተርጓሚ እንደሆነ፣ ጉዳዩ ዳግመኛ እንደሚታይ፣ ዓቃቤ ሕግም እንደማይቃወም ነገረችው። ያና ቃል በቃል፣ በረጋ ድምፅ አስተረጎመች። ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

ያና አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። ወደ መስኮቱ ዞረች።

ኤቦ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ የሚጨብጠውን ሰው ፍለጋ በሩን ያይ ነበር። ዳፊና ጥያቄው ገባት፤ ካሊን የት ነው ማለቱ ነበር። በደህናው እጇ ያንን የተዘረጋ እጅ ያዘች፤ ራሷንም ቀስ አድርጋ ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።