የታረመ ስፌት

ፓስፖርቱ በነበረበት ቦታ የተገኘው የከተማው ካርታ ነው።

ሙዚየሙ በር ላይ ፈታሹ «ፓስፖርት» ሲል ታናሽየዋ ካፖርቷን አወለቀች። በገበሩ ውስጥ የሰፋችውን ኪስ ክር በጥርሷ በጠሰች፤ ግማሹን ከፍታ እጇን ከተተች። ካርታው በፓስፖርት ልክ ታጥፏል። ላዩ ላይ የምትስቅ ፀሐይ ተስላለች።

«ጉድ ፈላ» አለች ታላቅየዋ ከኋላዋ። «በሰው አገር ቀረን።»

ሁለቱም ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ከአገር ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ወጪውን የቻለችው ታላቅየዋ ናት፤ «ሳንሞት አንዴ ዓለም እንይ» ብላ። ነገ ይመለሳሉ። ከነገ ወዲያ ታናሽየዋ ለምስክርነት ፍርድ ቤት ትቆማለች። የሚሠሩበት ልብስ ስፌት ቤት ዘበኛ በካውያ ተመትቶ ሲሞት ያየች እሷ ብቻ ናት። ከተሳፈሩ ወዲህ ይህን ነገር አላነሱትም። ስለ ሐውልት ነው ያወሩት።

የፖሊስ ጣቢያው ክፍል መስኮት የለውም። ፖሊሱ ይጠይቃል፤ አስጎብኚያቸው ያስተረጉማል።

«የት የት ዋላችሁ?»

«ድልድዩ ላይ። ከዚያ ማማው ላይ ወጣን።»

«ማን ተጠጋሽ?»

«ድልድዩ ላይ ፎቶ ላንሳችሁ ያለን ባለ ኮፍያ።»

«እሱን ተዪው። እሱ የሚሰርቀው ስልክ ነው» አለ ፖሊሱ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ እንደሚያወራ። «ሌላስ?»

ታናሽየዋ አሰበች። ማማው ጫፍ ላይ እህቷ ክንዷን ጨምድዳ ይዛት ነበር። ቀኑን ሙሉም ካፖርቷን ስታስተካክልላት፣ «እንዳታወልቂው፣ ይበርድሻል» ስትላት ነው የዋለችው።

«ሌላ ሰው የለም።»

«ካርታው የሆቴላችሁ ነው፤ ፀሐይዋ ምልክታቸው ናት። ክፍላችሁን የምታጸዳው ማን ናት?»

«እሷው ናት!» አለች ታላቅየዋ። «አስተያየቷ ገና ጠዋት ነው ያላማረኝ።»

ፖሊሱ የጽዳት ሠራተኛዋን ሊያስይዛት ስልኩን አነሳ።

ታናሽየዋ ካፖርቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ገበሩን ትዳብስ ነበር። ጣቷ ቆመ።

«ስልኩን ያስቀምጠው በልልኝ» አለችው አስጎብኚውን። «ሌባ ቀዶ ይወስዳል። ይሄኛው ፈትቶ፣ ወስዶ፣ መልሶ ሰፍቷል።»

«እንዳይነቃበት ነዋ» አለ ፖሊሱ።

«እሱስ ይሁን። ግን ኪሱን የሰፋሁት ልንነሳ ስንል፣ በጥድፊያ ነው። ሦስቱን ጎን እዩት፤ የፍየል መንገድ ነው። አራተኛውን ደግሞ እዩት።» ሳይበጠስ የቀረው ግማሽ ስፌት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። «ሌባው ስፌቴን አርሞታል።»

አስጎብኚው ተረጎመ። ፖሊሱ ትከሻውን ሰበቀ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ስፌቴን እየፈታች የምታርም አንዲት ሰው ናት ያለችኝ» አለች ታናሽየዋ። ዞረች። «እታለም፣ ተኝቼ ሳለ ነው?»

ታላቅየዋ መሬት መሬት አየች።

«ጠማማ ነበር» አለች። «እያየሁት እንዴት ልተወው?»

«ለምን ወሰደችው?» አለ ፖሊሱ።

«ዘበኛውን የገደለው የሷ ልጅ ነው። እኔ ደርሼ ካልመሰከርኩ ከነገ ወዲያ ይፈታል።»

አስጎብኚው ይቺን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደበት።

«ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አለች ታላቅየዋ። «አንቺ አልወለድሽ፣ ምኑ ይገባሻል?»

«ዘበኛውንም የወለደችው አለች።»

ታላቅየዋ ፓስፖርቱ የት እንዳለ አልናገርም አለች። ፖሊሱ የታላቅየዋን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈ። ማበጠሪያ፣ መርፌ፣ የድልድዩ ምስል ያለበት ፖስት ካርድ።

ታናሽየዋ ተንበረከከች። የእህቷን ቀሚስ ጠርዝ ይዛ ዙሪያውን በጣቶቿ ሄደችበት። ከኋላ በኩል ጨርቁ በፓስፖርት ልክ ደነደነባት። ስፌቱ ልቅም ያለ ነበር።

«መቀስ አለው?» አለችው አስጎብኚውን።

ፖሊሱ ከመሳቢያው አወጣላት። ጫፉን ወደ ጠርዙ ስታስጠጋ ታላቅየዋ እጇን ያዘቻት።

«ተዪ፣ ታበላሺዋለሽ። አምጪው፣ እኔ ልፍታው።»

ወንበሩ ላይ ጎንበስ አለች። ጨርቁን ሳትነካ፣ ክሩን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር።