ትንፍሽ እንዳትዪ

«ትንፍሽ እንዳትዪ!» አላት ወንድሟ፣ ቀዩን ክዳን አንገቱ ላይ ወዳለው መተንፈሻ ቱቦ እየመለሰ።

ሳቋ አመለጣት። «ትንፍሽ ማለት ያለብህማ አንተ ነህ!»

ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭንቅላቱን ክፉኛ ከተጎዳ አምስት ወሩ ነው። ቱቦው ክፍት እያለ ትንፋሹ ሁሉ በአንገቱ ስለሚወጣ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረውም። ትናንት ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ቱቦውን በክዳን ስትዘጋው ድምፁ ተመለሰ። ክዳኑ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነሳ ከቆየ ነገ ቱቦው ይወጣል፣ ቅዳሜ ደግሞ ቤቱ ይገባል። ከተነሳ ግን ሰዓቱና ምክንያቱ ደብተር ላይ ይጻፋል። እናታቸው ምሳ ልትበላ ስትወጣ ደብተሩን ለአሥራ አራት ዓመቷ ልጇ አደራ ሰጥታ ነበር።

«አክታ አነቀኝ፣ አምስት ደቂቃ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። በቃ! አታካብጂ።»

«አምስት ወር ዝም ብለህ ከርመህ፣ አፍህን ስትፈታ የመጀመሪያ ሥራህ ውሸት ማስተማር ሆነ?»

«የመጀመሪያው እንኳ አይደለም። ትናንት ሲስተርን ሾርባው ጨው የለውም ብያታለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እሱ ወደ ደብተሩ አየ።

«ሚጢጢዬ፣ ከጻፍሽው እኮ ከሀ ልንጀምር ነው። እዚህ አልጋ ላይ መረረኝ።»

አንጀቷን በላው። እሷስ ብትሆን? ቤት ውስጥ የሚያናድዳት ሰው ጠፍቶ ቤቱ ጭር ብሎባታል። ቅዳሜን በጣቷ ስትቆጥር ነው የሰነበተችው። ደግሞ አምስት ደቂቃ ምን አላት? እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ወዲያው እንደገና ሳል ያዘው። ፊቱ ቀላ፣ እጁ ሳያስበው ወደ ክዳኑ ሄደ። ክዳኑን ሳይነካው ግን ሳሉ ለቀቀው።

«አየሽ? ደህና ነኝ» አለ እያለከለከ።

«ነገ ቱቦው ወጥቶ፣ ቤት ሆነህ አክታው ቢያንቅህስ? ያኔ ምን ልትከፍት ነው?»

ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

እስክሪብቶውን አነሳች። «ሰባት ሰዓት ከሃያ፤ አክታ አነቀው፤ ክዳኑን ራሱ አምስት ደቂቃ ከፈተው» ብላ ጻፈችና ሲስተር እንድትመጣ የአልጋውን ደወል ተጫነች።

«አሳባቂ!» ብሎ ጮኸባት።

ድምፁ ሻካራ ነው፤ ግን የራሱ የወንድሟ ድምፅ ነው። እንዴት ናፍቋት ነበር!

«እስቲ ጮክ በል፣ አልሰማሁህም» አለችው።