«ገና» ያለችኝ መምህርት

እመኑኝ አትመኑኝ የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ዋኘው፣ ከማክሰኝት እስከ መካነ ብርሃን ያለ ሞተር ሁሉ ኮቴዬን ሲሰማ ሳይነካ የሚነሣልኝ ሰው ነኝ። ሊማሊሞ ላይ ፍሬኑ የተበጠሰ አይሱዙ በጩኸቴ ብቻ አቁሜያለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በአርባ ስድስት ዓመቱ በአንዲት ሴት እጅ ተሸነፈ ቢሏችሁ ታምናላችሁ?

እጇን ነው መጀመሪያ ያየሁት። አዘዞ መንገድ ዳር ባለው ጋራዤ ውስጥ (ዘጠኝ ማኪና ይይዛል... እሺ፣ ሦስት) ሚኒባስ ሥር ተኝቼ ነበር።

«ያን አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ ወዲህ በል!» ብዬ ጮህሁ፤ ሠራተኛዬ መስሎኝ።

አንድ ቀጭን እጅ መፍቻ ይዞ ብቅ አለ።

«አሥራ አራት አልሁ እኮ! ይኼ አሥራ ሦስት ነው!»

«ብሎኑ አሥራ ሦስት ነው» አለ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ።

ሞከርሁት። አሥራ ሦስት ነው! ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁ ሰው እንዲህ ስዋረድ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊቴ በዘይት እንደተለቀለቀ ተንፏቅቄ ወጣሁ። ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ቆማለች። እምላለሁ፣ ፀሐይዋ ለአፍታ ቆማለች። ሰዓቴን አይቻለሁ!

«ባንቺአየሁ እባላለሁ፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ነው የመጣሁት። ተማሪዎቻችን ትምህርቱን ከእኛ ይማራሉ፤ እጃቸው የሚፍታታው ግን እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ ዘንድ ነው። አንዲት ሠልጣኝ ለሦስት ወር ይቀበሉናል?»

«አንዲት? መቶ ያምጡ!»

«አንዲት ትበቃለች» አለች፤ አሁንም እየሳቀች።

ሠልጣኟ ይመኙሽ ትባላለች። የመካነ ብርሃን ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ግን የማይተወው ነገር የለም። ባንቺአየሁ ውሉን አስፈረመችኝና አንድ ሰማያዊ መዝገብ ሰጠችኝ። ሠላሳ ስድስት ሥራ ተዘርዝሮበታል፤ ፍሬን መፍታት፣ ፍሪሲዮን መለወጥ፣ ሌላም ሌላም። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ቃል አለ፤ «ብቁ» እና «ገና»።

«ሥራውን በገዛ እጇ ስትችለው ብቻ ‹ብቁ› ላይ ይፈርማሉ። በየዓርቡ እየመጣሁ አያለሁ።»

በየዓርቡ! ከዚያ ወዲያ ሳምንቴ አንድ ቀን ብቻ ሆነ።

የመጀመሪያው ዓርብ መጥታ መዝገቡን ገለጠችው። ባዶ ነው።

«ምነው፣ ምንም አልሠራችም?» አለች። ፊቷ ጠቆረ። ጎንደር በሙሉ መብራት የጠፋበት መሰለኝ።

በሁለተኛው ዓርብ ስድስት ቦታ «ብቁ» ብዬ ፈርሜ ጠበቅኋት። ፈገግ አለች። አቤት ያ ፈገግታ! ከዚያ በኋላ እጄ መች አረፈ? እሷም መቆየት ጀመረች፤ ጎማ ላይ ተቀምጣ ወሬዬን ትሰማለች።

«ምነው እስከ ዛሬ አላገቡም?» አለችኝ አንድ ዓርብ።

«ሠላሳ ሴት ለምናኝ እምቢ ብዬ ነዋ!»

ቅንድቧን ሰቅላ አየችኝ።

«እሺ... አንዲትም አልነበረችም» አልሁ። ለምን እውነቱን እንደተናገርሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይመኙሽስ? ይመኙሽ ብሎን በናፍጣ ታጥባለች። እኔንም በሙያው ያሳደጉኝ ጌታዬ አያ አላምረው ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን ነው ያሳጠቡኝ። «ሙያ በልብ ነው» ይሉ ነበር፤ ያየኸውን ሰርቀህ ካልወሰድህ ማንም አይሰጥህም። እኔም እንደ እሳቸው ሆንሁ።

ሦስቱ ወር አለቀ። ባንቺአየሁ ማክሰኞ ቀን መጣች። ዓርብ አለመሆኑን ሳይ ልቤ ፈራ። ይመኙሽ ከኋላዋ አቀርቅራ ቆማለች።

«በምዘናው ወደቀች» አለችኝ። «የፊት ፍሬን ፍቺ ሲሏት መፍቻውን እንደያዘች አለቀሰች። እዚህ መዝገብ ላይ ግን ‹ብቁ› የሚል የአንተ ፊርማ አለ!»

አንተ አለችኝ። በቁጣም ቢሆን አንተ መባሌ ትንሽ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው...»

«እኔን? አባቴ መሪጌታ ሰውአገኝ አርባ ዓመት ቅኔ አስተምሯል። ተማሪው ፊቱ ቆሞ ሳይቀኝ ‹ተቀኘ› ብሎ አያውቅም፤ የወንድሙ ልጅ ቢሆን እንኳ! ‹ሳይችል ባሳልፈው ሰው ፊት የማዋርደው እሱን ነው› ይለኛል።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ልጅቱ ለእናቷ ማኪና ጠጋኝ ሆኜ እመለሳለሁ ብላ ነው የወጣችው። ምን ብላ ትመለስ?» ወደ ይመኙሽ ዞረች። «አንቺስ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ካባረሩኝ የት እገባለሁ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

አይሱዙ በጩኸት ያቆምሁት ሰውዬ ድምፅ አጣሁ።

«ምዘናው ከስድስት ሳምንት በኋላ ይደገማል» አለች ባንቺአየሁ። «ውሉ ይፈርስና ሌላ ጋራዥ እፈልግላታለሁ።»

«ስድስቱን ሳምንት ስጪኝ። ለአንቺ ብዬ አይደለም። ለእሷ ነው።»

አላመነችኝም። ያመነችኝ ይመኙሽ ናት። «እዚሁ ልሁን፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እጃቸውን አይቸዋለሁ፤ ሸጋ እጅ ነው። ካሳዩኝ እችላለሁ።»

ባንቺአየሁ ከቦርሳዋ አዲስ ሰማያዊ መዝገብ አውጥታ ወንበሩ ላይ ጣለችው። «ይኸው! እንደለመድኸው ሙላው!» ብላ ወጣች።

ዓርብ መጣ፤ እሷ አልመጣችም። ቀጣዩም ዓርብ እንዲሁ። ወደ ማራኪ የሚሄደው ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ተከራይታ የምትኖረው እዚያ ነው። ከዚያ እንደገና አጎንብሼ ከይመኙሽ ጋር ሥራዬን እቀጥላለሁ።

የመጀመሪያውን ፍሬን አብረን ፈታን። ሁለተኛውን እሷ ፈታች፤ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምሁ። እጅ ኪስ ከትቶ መቆም እንዲህ ከባድ ነው እንዴ? ሊማሊሞን በጀርባ መውጣት ይቀላል!

አንድ ጠዋት የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ የሚሠራው ሞተር ላይ አሳረፍሁና እጀታውን ጆሮዋ ላይ ደገፍሁላት። ከጌታዬ ሰርቄ ለማንም ያላሳየሁት ነገር ነው።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

ዓይኗን ጨፈነች። «እንደ... ጠጠር ያለበት ቆሎ የሚያኝክ ሰው።»

«እሱ ኩሽኔታው ነው። አልቋል። እሱን ሰማሽ ማለት ሞተሩ ራሱ ሕመሙን ነገረሽ ማለት ነው።»

«አያ ዋኘው... ይኼን ሁሉ ጊዜ ምነው ደበቁኝ?»

መዝገቡን ከፈትሁና በዕድሜዬ የመጀመሪያውን «ገና» ጻፍሁ። የዚያን ሳምንት ሃያ ሁለት «ገና» ጻፍሁ። እያንዳንዱን ስጽፍ ባንቺአየሁ አንድ እርምጃ የምትርቀኝ ይመስለኝ ነበር። ግን ጻፍሁት።

ምዘናው ተደገመ፤ ይመኙሽ አለፈች!

ዓርብ ነበር። ባንቺአየሁ መጣች፤ ያችው ነጠላ፣ ያችው ጎማ ላይ መቀመጥ። መዝገቡን አንድ በአንድ ገለጠች። «ገና» የተባለው ሁሉ ከሥሩ ቀን ተጽፎለት «ብቁ» ሆኗል፤ ሁለት ብቻ ቀርተዋል።

«እነዚህስ?»

«ካምቢዮ መፍታት ገና አልቻለችም። መገጣጠምም ገና። ምዘናው ላይ አልጠየቋትም እንጂ... አልችልም ብላ ትነግራቸው ነበር።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ዋኘው፣ ከተናገርኸው ሁሉ ያመንሁህ ይኼን ነው።»

ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ከሠላሳ ስድስቱ ሥር በእጄ የጨመርሁት ሠላሳ ሰባተኛ አለ፤ «ባንቺአየሁን ሳይዋሹ መውደድ»።

«ይኼ በኮሌጁ ዝርዝር ውስጥ የለም» አለች፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ።

«የለም።»

«ማን ይመዝነዋል?»

«አንቺ። ግን... ሳታዪ እንዳትፈርሚ።»

እስክሪብቶዬን ተቀበለችኝ። አሰበች፣ አሰበች... ጻፈች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ገና» ይላል።

ልቤ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

«ምነው ደነገጥህ?» አለችኝ፤ እጇን ዘይት በነካው እጄ ላይ አድርጋ። «ሠልጥን ተባልህ እንጂ ሂድ ተባልህ? ሽማግሌ ላክና ጀምር!»

አርባ ሽማግሌ ላክሁ። እሺ፣ ሦስት። መሪጌታ ሰውአገኝ «ልጄን የጠየቀው ሰው ይቀጥፋል አሉኝ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከሦስቱ አንዱ ጌታዬ አያ አላምረው ተነሡና «ይቀጥፋል፣ አባታችን። መዝገብ ላይ ግን ትቷል» አሉ። መሪጌታ ሳቁ። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን።

ይመኙሽ ዛሬ መካነ ብርሃን ላይ የራሷ ጋራዥ አላት፤ ባለፈው ዓመት ከኮሌጁ ሁለት ሠልጣኝ ተቀብላለች። ብሎን አታሳጥባቸውም አሉ።

ሰማያዊው መዝገብ ቤታችን ነው። ባንቺአየሁ በየዓመቱ በሠርጋችን ቀን ትከፍተዋለች፤ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ታተኩራለች፤ እኔን ከላይ እስከ ታች ታየኛለች። ከዚያ ትጽፋለች። አራት ዓመት፣ አራት «ገና»።

ይቺን ብቻ አላጋነንሁም፤ «ብቁ» ብላ ሥልጠናውን እንዳትጨርስብኝ በየዓመቱ እጸልያለሁ።