ከሐጂ ኢብሮ እጅ የተነጠቀችው ተምር

የሐጂ ኢብሮ አስከሬን ተገንዞ ሳሎን ውስጥ ተጋድሟል። የሚቀብር ሰው ደጁን ሞልቶታል፤ ታናሽ ወንድማቸው ሰዲቅ ግን በሩ ላይ ተገትሮ «ፖሊስ ሳይመጣ ከዚህ ቤት አይወጣም!» ብሏል። ኢንስፔክተር ሐይማኖት ከባጃጅ ስትወርድ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ሰዲቅ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት ጣቱን ወደ ሟቹ ሚስት ቀሰረ።

«ወንድሜን መርዛዋለች! ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በዐስር ሰላት፣ ተምር ሊጎርስ ሲል ከእጁ ስትነጥቀው በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ጉድ የት ታይቷል?»

ፋዲላ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። እሷ ከታሰረች አብሯት ይታሰራል እንጂ ሌላ የሚይዘው የለም። ሐይማኖት ይህን አይታለች፤ ግን ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው።

«ነጥቀሻል?»

«ነጥቄያለሁ። ከኢድ በኋላ የሚጾመውን የሸዋልን ጾም ይዘው ነበር፤ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ አንደበታቸው ተያያዘ። ስኳራቸው ጨመረ ብዬ ነው! ሐኪሙ ጣፋጭ እንዳይነኩ ብሎ የለ? አስተኛኋቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ሰላት ብቀሰቅሳቸው አልነቃ አሉ። ወላሂ፣ እህቴ፣ ሌላ አላውቅም።»

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አድርሰዋቸው ነበር። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ስትለካ ስኳሩ ጨምሮ ሳይሆን ጭራሽ ተሟጦ አገኘችው፤ ግሉኮስ ሳይገባላቸው ሕይወታቸው አለፈ። ሰዲቅ ይህንንም ወደ ራሱ ጎትቶ «ስኳር የሚያወርድ መርፌ ወግታዋለች» ይላል።

ሐይማኖት የሐጂን መድኃኒት አስመጣች። ብልቃጡ ባዶ ነው፤ ከሥሩ የትልቅ ነጭ ኪኒን ስባሪ ቀርቷል፤ ሜትፎርሚን ነው። በሰደርያቸው ኪስ ግን በጋዜጣ የተጠቀለሉ ትንንሽ ኪኒኖች ተገኙ።

«እነዚህን አይቻቸው አላውቅም» አለች ፋዲላ። «የበፊቱ ከመድኃኒት ቤት ጠፋ ተብሎ ሰንብቷል። በቀደም ግን ሌላ አግኝቻለሁ ብለውኛል።»

ሐጂ ከማን ጋር እንደሚውሉ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከባለሆቴሉ ከአቶ አሰፋ ጋር ነው። ሐይማኖት ሆቴሉ ስትደርስ አሰፋ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ ቁርስ ፊት ተቀምጠዋል። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ኪኒን አውጥተው ዋጡና ወዲያው ጎረሱ።

«ምግብ አስጠልቶኛል፤ ግን ይቺን ውጦ ጦም መዋል አይቻልም» አሉ።

«ቢውሉስ?»

«ትደፋኛለቻ!»

ሐይማኖት ኪኒኑን ትኩር ብላ አየችው። «ጋሼ አሰፋ፣ ከዚህ ለሐጂ ሰጥተዋቸው ነበር?»

«አዎ። የእሱ ጠፍቶበት ሲጨነቅ እያየሁ ዝም ልበል? ሁለታችንም ስኳር ነን፣ መድኃኒቱ ምን ልዩነት አለው? ምነው ልጄ?»

እዚያው ልትነግራቸው ጨከን ማለት አቃታት። «ይነሱ፣ ሐጂ ቤት እንሂድ» አለች ብቻ።

በመንገዳቸው ጤና ጣቢያ ጎራ ብላ ኪኒኖቹን ለነርሷ አሳየች፤ ከዚያ ሁሉም አስከሬኑ ዘንድ ተሰበሰቡ።

«ሐጂን የመረዛቸው የለም» ብላ ጀመረች። «መርፌም የለም፤ በዚህ ቤት ኢንሱሊን ገብቶ አያውቅም። የራሳቸው ኪኒን ሜትፎርሚን ነው፤ ጉበት ስኳር እንዳያበዛ ይገታል፣ ሰውነትም ያለውን ኢንሱሊን በደንብ እንዲጠቀም ያግዛል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን እንዲህ አያሟጥጥም። ከኪሳቸው የተገኘው ግሊቤንክላሚድ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ቆሽትን እየነዳ ኢንሱሊን ያስረጫል፤ ሰውየው በላ አልበላ ደንታ የለውም። ሐጂ ጎህ ሳይቀድ ለሱሁር ሲበሉ ውጠውት ቀኑን ጾሙ፤ ስኳራቸው ወረደ። ላቡም መንቀጥቀጡም ከዚያ የመጣ ነው። ፋዲላ ጨመረ ብላ ነው የነጠቀችው።»

አሰፋ ግድግዳውን ተደገፉ።

«ረመዳን እኮ አልቋል! ኢድ ሙባረክ ብዬዋለሁ! መጾሙን ማን ነገረኝ?»

«ለሰው አይናገሩም ነበር» አለች ፋዲላ ቀስ ብላ። «ለአላህ የተጾመ አይወራም ይላሉ።»

ሰዲቅ የቀሰራትን ጣት የሚያደርግበት አጣ። «ፋዲላ፣ አውፍ በይኝ» አለ።

ሐይማኖት ቀብሩ ይሂድ ብላ ፈቀደች። ወንዶቹ ቃሬዛውን ሲያነሱ እሷም ለመውጣት ተጣደፈች። አንድ ጥያቄ እንደቀረ ታውቃለች፤ ማንም ሳይጠይቃት ደጁን ማለፍ ነበር የፈለገችው። አልሆነላትም።

«እህቴ» አለቻት ፋዲላ ከኋላዋ፤ «ተምሯን ብተውላቸው ኖሮስ?»

ሐይማኖት ውሸት መናገር ፈልጋ ነበር፤ አልወጣላትም።

«ልጁ እያለቀሰ ነው፣ አጥቢው» አለች።

ፋዲላ ልጁን አላየችውም።

«አንዲት ብቻ ብለው ለምነውኝ ነበር እኮ።»